ወንዙን አንዴ እዩልኝ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረቱን ተዉትና ወደ ወንዝ ውረዱ።

ሞሚና የምትባል አንዲት የአፋር እናት ነበረች። ልጇ ዘህራ ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን ታቅፋ ከደረቁ ወንዝ ወዲያ ማዶ ቆማለች፤ ጤና ጣቢያው ሞሚና ካለችበት ከወዲህ ማዶ ነው። አሸዋው ሰፊ ነው። ከላይ፣ ደጋው ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ደራሽ ውሃ ከመጣ መሐል ላይ ያገኛታል፤ ካልተሻገረች ሕፃኑ እጇ ላይ ይቀራል። ሞሚና የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፦ ወንዙን ከላይ አንዴ የሚያይላት።

ለወረዳው የጎርፍ ክትትል ሠራተኛ ለሁመድ ደወለች።

«ሁመድ ልጄ፣ ወንዙን አንዴ እይልኝ! አንተ ካላየህ ልጄ አትሻገርም።»

«እናቴ፣ እኔ የማየው ሳተላይቱ ሲያይ ነው። ሰማይ ላይ ያለው ዓይን ካልዞረ እኔም ዕውር ነኝ። የሳተላይቱን ባለቤት ለምኛት» ብሎ ቁጥሯን ሰጣት።

ለባለ ሳተላይቷ ደወለች። በምን ቋንቋ አትበሉኝ፤ ተረት ውስጥ ሁሉም ይግባባል።

«የኔ እመቤት፣ ዓይኑን አዙሪልኝ! አንቺ ካላዞርሽ ሁመድ አያይም፤ ሁመድ ካላየ ልጄ አትሻገርም።»

«ያመጠቅነውስ ለገበሬና ለአርብቶ አደር ብለን ነበር። ግን አርብቶ አደር ምን ይከፍላል? ዛሬ እንጀራችን አንድ ጄኔራል ነው። ዓይኑን ተከራይቶታል፤ ካልፈቀደ አላዞርም።»

ለጄኔራሉ ደወለች።

«ጌታዬ፣ ይፍቀዱላት! እርስዎ ካልፈቀዱ ባለ ሳተላይቷ አታዞርም፤ እሷ ካላዞረች ሁመድ አያይም፤ ሁመድ ካላየ ልጄ አትሻገርም።»

ጄኔራሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፈርቷል።

«ባላንጣዬም ዓይን አምጥቋል፤ ቀን ከሌት እኔን ያያል። እኔ ዓይኔን ከሱ ላይ ባዞር ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል? መጀመሪያ እሱ ዓይኑን ከእኔ ላይ ይንቀል።»

ማዶ ሕፃኑ ማልቀስ ተወ። ከለቅሶው ይልቅ ዝምታው ሞሚናን አስፈራት።

ለባላንጣው ደወለች።

«ጌታዬ፣ ዓይንዎን ከሱ ላይ ይንቀሉ! እርስዎ ካልነቀሉ ጄኔራሉ አይፈቅድም፤ ጄኔራሉ ካልፈቀደ ባለ ሳተላይቷ አታዞርም፤ እሷ ካላዞረች ሁመድ አያይም፤ ሁመድ ካላየ ልጄ አትሻገርም!»

«እኔ ልንቀል? እሱ እያየኝ? አላበድኩም!»

ከዚያ ወዲያ የሚደወልለት ሰው የለም። ሞሚና ፍርሃቷ ቁጣ ሆነባት።

«እንግዲያው ይቅርብዎ! ያኛው ጄኔራል ወንዙን ያይልኛል፤ እርስዎ ቁጭ ይበሉ!»

ባላንጣው ክው አለ።

«ወንዝ? የምን ወንዝ? እዚያ ወንዝ ውስጥ ምን አለ?» አለና ዓይኑን ወደ ወንዙ አዞረ።

ባላንጣው ሲያዞር ጄኔራሉ ደነገጠ፤ «ምን አግኝቶ ነው?» ብሎ ፈቀደ፤ ጄኔራሉ ሲፈቅድ ባለ ሳተላይቷ አዞረች፤ ባለ ሳተላይቷ ስታዞር ሁመድ አየ፤ ሁመድ ሲያይ በስልክ ጮኸ።

«ውሃው ተነስቷል፣ ግን ገና ሩቅ፣ ከደጋው ገደል በላይ ነው! አሁኑኑ ትሩጥ!»

ሞሚና ሻሿን አውለበለበች፤ ዘህራ ሮጠች። እግሯ ወዲህ ማዶን ሲረግጥ ደራሹ ግንድ እያንከባለለ ከኋላዋ አለፈ። ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ገባ፤ ዳነም።

ጎርፉ በማግስቱ ሄደ። ሁለቱ ዓይኖች ግን አልሄዱም፤ አንዱ አንዱን ፈርቶ እስከ ዛሬ ያንን ባዶ አሸዋ ያያሉ። ሞሚናም ወደ ወንዙ ስትወርድ ፊቷን ትሸፍናለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ለሕፃኑ ይሁን።