የዘንገት ጋሻ ጀርባ

የዘንገት አውራጃ አርማ አንድ ጋሻ ነው። በአስተዳደሩ ግቢ በር ላይ በቆርቆሮ ተስሎ ተሰቅሏል፤ በማኅተሙ ላይም፣ በበዓል ቀን በሚወጣው ሰማያዊ ጨርቅ ላይም አለ። የሌላ አገር ጋሻ ሲሳል ፊቱና ጌጡ ይታያል፤ የዘንገት ጋሻ ግን የሚታየው በውስጥ በኩል ነው። እጅ የሚገባበት ጠፍር መሐሉ ላይ አለ፣ የያዘው ሰው ግን የለም። ለገበያ የሚመጡ የወንዝ ማዶ ሰዎች «ሠዓሊያችሁ ጋሻውን ያየው ባለቤቱ ጥሎት ሲሸሽ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብናል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን በዚህ ነገር አይስቁም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ ዘንገትን ይገዛ የነበረው ፊታውራሪ አድገህ የሚባል ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ገዢ ሲሞት ጋሻው በቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰቀልና የአብራኩ ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ እጁን በጠፍሩ አግብቶ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ አገሩ ለልጁ ይጸናል። ልጅ ከሌለው ግን ከአርባው በኋላ ጉልበት ያለው መጥቶ ጋሻውን ያወርዳል፣ አገሩንም ይወስዳል። ሚስት አትወርስም። ሆኖም ከቤቱ ሰው እጅ ላይ ጋሻ መንጠቅ ትልቅ ነውር ስለነበረ ማንም አይደፍረውም ነበር ይባላል።

ፊታውራሪ አድገህ በንዳድ ታሞ ሲሞት ልጅ አልነበረውም፤ ሚስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች። የጎረቤት ገዢ የነበረው ግራዝማች ጓንጉል ይህን ሰምቶ አርባውን ይጠብቅ ጀመር። ጓንጉል ቀደም ሲል የያዘው አገር ሰው መሬቱን ተቀምቶ ተበትኖ ስለነበረ፣ ዘንገት ሁሉ ቀኑ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ አጣ።

ከአርባው ማግስት ጠዋት የጓንጉል ሰዎች በጋራው ላይ ታዩ። ደብሪቱን ምጥ የያዛት ከዚያ በፊት ነው ይባላል። አዋላጇ እመት እንጉዳይ ምጥ ላይ ያለች ሴት እንድትስበው ገመድ ከወራጁ ላይ አስራላት ነበር፤ ገመዱ ግን አርጅቶ ኖሮ ተበጠሰ። ሌላ ቢፈለግ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ገመድ የተባለውን ለከብቱ መሳቢያ አድርጎ ወደ ገደሉ ሸሽቷል። ያን ጊዜ እንጉዳይ ዓይኗ ከምሰሶው ላይ አረፈ። ጋሻውን ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረችና በመቀነቷ ጥፍር አድርጋ አሰረችው፤ ጠፍሩ ወደ ውጭ ሆነ።

«ያዢ!» አለቻት።

«ባሌ የሚይዘው እኮ ነው» አለች ደብሪቱ ፈርታ።

«ሆድሽ ያለውስ የማን ነው? ያዢ ብዬሻለሁ!»

ያዘችው።

ጓንጉል ደጅ ደርሶ ተጣራ። «ቤቶች! ጋሻውን አውጡልኝና በሰላም እንለያይ።»

እንጉዳይ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተይዟል» አለችው።

«ማን ያዘው? አድገህ ከመቃብር ተነሣ?» ሰዎቹ ሳቁ።

«እመቤቴ ይዛዋለች።»

«እሷ ደግሞ ማንን ልትወጋ ነው?»

«ግባና ጠይቃታ። ምጥ ላይ ናት።»

ሳቁ ቆመ። ጓንጉልም «መልቀቋ አይቀርም» ብሎ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ያ ቀን እንዴት እንደዋለ የሚናገሩ አሮጊቶች ዛሬም ድምፃቸው ይቀንሳል። ከቤቱ የሚወጣው ጩኸት ጸጥ ባለ ቁጥር ጓንጉል ከድንጋዩ ይነሣ ነበር፤ እንደገና ሲሰማ ይቀመጥ ነበር። ሳይሸሹ ቀርተው በአጥሩ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ቆይቶ ከጓንጉል ወታደሮችም አንዳንዶቹ ሳያስቡት «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመሩና እሱ ዞሮ ሲያፈጥባቸው ዝም አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደብሪቱ ጣቶች ደም አጥተው ነጡ። እንጉዳይ እጇን ከጠፍሩ ጋር ልታስርላት አሰበች፤ ግን የታሰረ እጅ እንደያዘ እንደማይቆጠር ታውቃለችና ተወችው።

«ልልቀቀው፣ እንጉዳይ። ይውሰደው፤ መሞቴ ነው።»

«እሺ፣ አንዴ ግፊና ልቀቂ።»

ደብሪቱ ገፋች፤ ሕፃኗ ስትወጣና እጇ ከጠፍሩ ሲወድቅ አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ ሕፃኗም አላለቀሰችም። ጓንጉል ጥቂት አዳመጠ፣ «በቃ» አለ፣ ገባ። እናቲቱ ዓይኗን ጨፍና ተዘርራለች። ወደ ምሰሶው ሄዶ መቀነቱን ፈታና ጋሻውን ያዘው።

እንጉዳይ ሕፃኗን ይዛ መጥታ በፊቱ ቆመች። አስባበት ነው የሚሉ አሉ፤ በድንጋጤ ነው የሚሉም አሉ። የሕፃኗ መዳፍ ጠፍሩን ሲነካ ጣቶቿ ገጠሙበት፤ ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ጓንጉል ጋሻውን ሳበው። ትንሿ ክንድ ተከትላ ተዘረጋች፣ ጠፍሩን ግን አልለቀቀችም። እሱም እንዳይሰብራት ፈርቶ መሳቡን ተወ።

«ምንድን ነው?»

«ሴት ናት።»

«እንድትለቅ አድርጊያት!»

«አንተ ንገራት፤ እኔን አልሰማ አለችኝ።»

በር ላይ ቆመው የሚያዩት ወታደሮች ሳቃቸውን ለመዋጥ አንገታቸውን ደፉ። ጓንጉልም የጨቅላ እጅ እስኪለቅ ቆሞ የጠበቀ ሰው መባልን ፈርቶ ጋሻውን ተወና ወጣ፤ በዚያው ማታ ጋራውን ተሻግሮ ሄደ ይባላል።

ደብሪቱ ከሞት ተረፈች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩና ከዚያ በኋላ ጥጥ አልፈተለችም። ልጅቷ አድጋ ዘንገትን ስትገዛ ማኅተም አስቀረጸች። ቀራጩ የጋሻውን ፊት ሊያወጣ ሲል መጀመሪያ ባየችው በኩል እንዲያደርገው አዘዘችው ይላሉ።

ዛሬም ወሯ የገባ ሴት በአስተዳደሩ በር ስታልፍ ቀና ብላ ጠፍሩን አይታ ትሄዳለች። ባለፈው ክረምት ኃይለኛ ነፋስ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ጣለውና፣ ሠራተኛ ተፈልጎ መልሶ እስኪሰቅለው ድረስ በሩ ባዶ ሆኖ ሰነበተ። በእነዚያ ቀናት እርጉዞቹ ሁሉ ጭቃው እያዳለጣቸው በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረው ይሄዱ ነበር። እህቴም አብራቸው ነበረች።