የቆርኬ መንገድ ጠያቂ

በቆርኬ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ወዲያው አይነሳም። ከቤተሰቡ አንዱ ብቻውን በእግሩ እስከ መቃብሩ ሄዶ፣ ጉድጓዱን አይቶ፣ ተመልሶ «መንገዱ ባዶ ነው» እስኪል ድረስ እስላሙም ክርስቲያኑም ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሰው መንገድ ጠያቂ ይሉታል። ሲሄድ የሚያጅበው፣ የሚያናግረውም የለም። ከከተማ የመጣ ለቀስተኛ በፀሐዩ ተማርሮ «ምን ያቆመናል?» ማለቱ አይቀርም፤ ለእሱ የሚነገረው ታሪክ ይኸው ነው፣ ውሸት ካለበት ኃጢአቱ በነገሩኝ ሰዎች ይሁን።

ቆርኬ ዛሬ ጥቂት ቤቶችና አሸዋ የዋጠው ሐዲድ ናት። ባቡር በነበረበት ዘመን ግን፣ እንደሚነገረው፣ በድሬዳዋ መስመር ላይ ትንሽ ጣቢያ ነበረች፤ የጣቢያው ሹም እንግዳወርቅ የሚባል፣ ሚስትም ልጅም ያልነበረው ሰው ነው። በስተምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ሀሎሌ የሚባል ሌላ ጣቢያ ነበር፤ እዚያም ሮብሌ ብቻውን ይሠራል። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይጋጩ፣ አንዱ በእጅ የሚዞረውን ስልክ አዙሮ «መንገዱ ባዶ ነው?» ይላል፣ ሌላው «ባዶ ነው፣ ልቀቅ» ይለዋል፤ ይህ ሳይባል ባቡር አይንቀሳቀስም። ከዚህ አልፈው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጥርስ ሕመማቸው፣ ጅብ ስለበላባቸው ፍየል ያወሩ ነበር ይባላል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያወሩ አንድም ቀን አልተያዩም፤ አንዱ ጣቢያውን ጥሎ ከሄደ ስልኩን የሚያነሳ የለማ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሰቦቃ ባቡር በሰው ጢም ብሎ ቆርኬ ገባ። ሰቦቃ ነጂው ነው፤ ምላሱ እሳት ነበር ይላሉ። እንግዳወርቅ ስልኩን አዞረ፣ መልስ የለም። ደጋግሞ አዞረ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር ሰቦቃ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሰውየህ ተኝቷል። ልቀቀንና እንሂድ።»

«ሮብሌ በሥራ ሰዓት አይተኛም» አለ እንግዳወርቅ። «ሄጄ አያለሁ።»

ደንቡ ነውና የቢሮውን የብረት በር ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ በሐዲዱ ላይ ብቻውን ሄደ።

መስመሩ ላይ ምንም አልነበረም። ሮብሌን ግን ስልኩ ሥር፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሞቶ አገኘው። የጓደኛውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ጊዜ ነው። ዓይኑን ከደነለትና አጠገቡ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ባቡሩ ትዝ አለው፤ ሊለቀው ስልኩን ወደ ቆርኬ አዞረ። ቆርኬ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩ ከተቆለፈው ቢሮ ውስጥ ሲጮህ ይሰማ ነበር፤ ሰቦቃ በሩን በትከሻው ቢገፋው አልነቃነቅ አለው። እንግዳወርቅ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚያነሳ አጣ። እጁን ኪሱ ሲከት ቁልፉን አገኘ። ለካ በቆርኬ ስልክ የሚያነሳው እሱ ብቻ ኖሯል። ከሮብሌ በቀር ሰው እንዳልነበረው የገባው ያኔ ነው ይላሉ። ሬሳውን በነጠላው ሸፍኖ ያንኑ መንገድ ተመለሰ።

ደርሶም «መንገዱ ባዶ ነው» አለና ባቡሩን ለቀቀው። ባቡሩ ሀሎሌ ሲደርስ ተሳፋሪው ሬሳውን አየ፤ ወርዶም ሮብሌን ቀበረው።

ከዓመታት በኋላ እንግዳወርቅም ሞተ። አስከሬኑ ሊነሳ ሲል፣ በየጉዞው ሲጨቃጨቀው የኖረው ሰቦቃ ባቡሩን አቁሞ ደረሰ።

«ቆይ፣ መንገዱን ማን አየለት?» አለ።

እሱም ተሳፋሪውን አስጠብቆ እስከ መቃብሩ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ። ያ ምላሰ እሳት ሰው እያለቀሰ፣ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ብሎ «ባዶ ነው፣ እለፍ» አለው።

ባቡሩ ከቀረ ቆየ፤ ይህ ግን አልቀረም። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ደግሞ የሚሄድለት ከሁሉ ይበልጥ ሲጨቃጨቀው የኖረው ሰው ነው። ባለፈው ክረምት አደም የሚባል ጎረቤቴ ሞተ፤ በአጥር ጉዳይ ሃያ ዓመት ተነታርከናል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ሄድኩለት።