የምርጫ ጣቢያው ስንቅ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ ይኸው በእኛው ዕድሜ፣ በሁለት ወንዞች መሀል በተሠራች ሾላ ሜዳ በምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ምርጫ ተደረገ። ወሩ ሰኔ ነው። በሰኔ ሁለት ወንዝ መሀል ገብቶ መምረጥ የማን ሐሳብ እንደነበር እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ የምነግራችሁ የሆነውን ነው።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደርብ ይባላሉ። ቁልፉም ማኅተሙም በእሳቸው እጅ ነው። ከእሳቸው ጋር የሚሠሩት አራት ሴቶች ናቸው፤ አስናቀች፣ ጥሩወርቅ፣ ዘርፌና የሺመቤት። የሺመቤት ሴት ልጇን አዝላ ነው የመጣችው። ሕፃኗ ገና ሰማንያ ቀን አልሞላትም፣ ክርስትናም አልተነሳች። የምትጠባ ልጅ ለማን ትታት ትምጣ? ሥራውን ደግሞ ትፈልገዋለች።

ቀኑ ሳይደርስ ስለ ስንቅ ተነጋግረው ነበር። አቶ ደርብ ሰብስበው፣ «ከመራጭም ሆነ ከዕጩ ዘመድ ጠብታ ውኃ እንዳትቀበሉ። በሰፌድ ዳቦ ስሙ የጠፋ ጣቢያ አውቃለሁ። የምትበሉትን ከቤታችሁ ያዙ» አሏቸው።

አስናቀች፣ «እናንተ አታስቡ፣ ለእኔ ተዉት» አለች። እውነትም ያልያዘችው ነገር አልነበረም። የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ለየሺመቤት ብላ ደግሞ በትልቅ ቴርሞስ አጥሚት። ጥሩወርቅ «እንደ አቅሜ እይዛለሁ» ብላ ባዶ እጇን መጣች። ዘርፌ አንድ እሽግ ብስኩት ይዛ ነበር፤ እሱንም ሰልፉ ሳይጀመር ጨረሰችው። እሷ መቼም ልጅነቱ አልለቀቃትም።

ያን ቀን ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ዝናቡም አብሮ ጎረፈ። አስናቀች ሰው ቆሞ እያያት መጉረስ አይሆንላትም። አንድ ጊዜ ቆሎ አፏ ከማድረጓ በፊት «እንብላ» ትላለች፤ እንብላ የተባለ ደግሞ እጁን ይዘረጋል። ለታዛቢው፣ ድምፅ ሰጥቶ ከዝናብ ለተጠለለው ሽማግሌ፣ ለሁሉም እፍኝ እፍኝ ሰጠች። «ኧረ ለነገም አስቢ» ቢሏት፣ «ነገ እቤታችን ነን» ብላ ሳቀች። ወደ ማታ ታዛቢዎቹ ከብቶቻቸውን አይተው ሊመለሱ ወጡ። እነሱ እንደተሻገሩ ሁለቱም ወንዞች ሞሉ፤ ትምህርት ቤቷም በውኃ ተከበበች። ስልክ አይሠራም። አቶ ደርብ «ያለ ታዛቢ ኮሮጆ አልከፍትም» አሉ። አምስቱ ሰዎች ካልተቆጠረ ኮሮጆ ጋር ተዘግተው ቀሩ።

አስናቀች የቀረውን ጭኮና አጥሚቱን አንድም ሳታስቀር ለየሺመቤት ሰጠቻት። ራሷ አልቀመሰችም። ሕፃኗ ጠግባ እየጠባች አደረች። ሲነጋ ግን ቴርሞሱም ዕቃውም ባዶ ነበር፤ ውኃው ደግሞ ጭራሽ ከፍ ብሎ ደረጃው ላይ ደርሷል።

ረፋዱ ላይ ሕፃኗ ጡቱን ትስብና ትለቃለች፣ ትስብና ታለቅሳለች። የሺመቤት፣ «ጡቴ ደረቀ፤ ልጄ እጄ ላይ ልትቀርብኝ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ይኼኔ ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ከቀሚሷ ስር፣ ከመቀነቷ ላይ፣ የበሶ ከረጢት ፈታች። ሁሉም ዞረው አዩዋት። እስከ ትናንት ማታ የአስናቀችን ቆሎ ስትቆረጥም የዋለች ሴት ናት እኮ።

አስናቀች፣ «ይሄ ማታ የት ነበር?» አለቻት።

«ማታ ባወጣው አሁን ይኖር ነበር?» አለች ጥሩወርቅ።

በሶውን በዝናብ ውኃ በጠበጠችው፤ ለየሺመቤትም እየደጋገመች አጠጣቻት። ለራሷ ጣቷን እንኳ አልላሰችም፤ እንዲያውም በኋላ ራሷን አዙሯት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተኛች። መጀመሪያ ለራሷ ብላ ደብቃው እንደነበር ግን እሷም አልካደች። ሕፃኗ እንደገና ጠባች፤ ቀኑም በዚያ በሶ እየተገፋ እስከ ከሰዓት ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ በሶውም አለቀ። ሕፃኗ ማልቀስ ተወች። ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሚያለቅስ ልጅ የማያለቅሰው ነው የሚያስፈራው። የሺመቤት መቀመጥ እንኳ ስላቃታት ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጋደመች። ያኔ ከማዶ ሰው ተጣራ። በወንዙ ዳር ያለው ቤት የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የአንደኛው ዕጩ ወንድም ነው። ወተት የሞላ ጀሪካን በገመድ አስሮ፣ በላዩም ዳቦ በፌስታል ጠቅልሎ ውኃው ላይ ለቀቀው። የገመዱን ጫፍ ድንጋይ አስሮበት ወደ እነሱ ወረወረ።

አቶ ደርብ በሩ ላይ ቆሙ። «እንዳትነኩት» አሉ። «ኮሮጆው አልተቆጠረም፤ ታዛቢ የለንም። የዕጩ ወንድም ወተት እዚህ ከገባ የዚህ ሁሉ ሕዝብ ድምፅ ገደል ገባ ማለት ነው።» ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አስናቀች ሕፃኗን አየች፣ ኮሮጆውን አየች፣ ከቦታዋ አልተነሳችም። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች።

ዘርፌ በጎናቸው አልፋ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገባች።

«ዘርፌ፣ ተመለሺ።»

«ስሜን ጻፉት ጋሼ። እሷ ብቻ ናት የተቀበለችው በሉ» አለችና ገመዱን ሳበች።

የሺመቤት ወተቱን ጠጣች፣ ዳቦውን በላች። ሊመሽ ሲል ጡቷ ሞላ፤ ልጅቷም ጠግባ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ውኃው ጎደለ፣ ታዛቢዎቹ ተመለሱ፣ ማኅተሙም እንዳለ ተገኘ። ምን ዋጋ አለው? ሌላው ዕጩ የወተቱን ወሬ ሰምቶ ከሰሰ፤ የጣቢያው ድምፅ ተሰረዘ። ያ ሁሉ ሰው እንደገና በጭቃ ተሰለፈ፤ የመጀመሪያውን ቀን በቃሬዛ መጥተው የመረጡ አዛውንቶች በሁለተኛው መምጣት አልቻሉም። ዘርፌ ሁለተኛ ለምርጫ ሥራ እንዳትጠራ ተወሰነባት። ገበያ ስትወጣ «ድምፃችንን በወተት የሸጠችው» ይሏታል፤ ስትሰማ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች።

የሕፃኗ ክርስትና ቀን ደረሰ። አስናቀች፣ ጥሩወርቅና ዘርፌ ነጭ ለብሰው በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገኙ፤ ሦስቱም ክርስትና እናት ሊሆኑ።

አስናቀች፣ «ማንም ሳያስብላት ያሰብኩላት እኔ ነኝ» አለች።

ጥሩወርቅ፣ «የአንቺ ሲያልቅ የደረስኩላት እኔ ነኝ» አለች።

ዘርፌ ከሴቶቹ ራቅ ብላ ነበር የቆመችው። «ለእሷ ስል ስሜን አጥቻለሁ። ሌላ የምለው የለኝም» አለች።

የሺመቤት ጨነቃት። ሦስቱንም ትወዳቸዋለች፣ የሦስቱም ውለታ አለባት። አንዷን ስትመርጥ ሁለቱን ልታስቀይም ነው። ይህ እንዳይበቃ የባሏ እናት ጠጋ ብለው በጆሮዋ፣ «አስቢበት ልጄ። እኔ እንዳየሁት ልጅ በክርስትና እናቷ ትወጣለች» አሏት። እንግዲህ ልጇ ማንን ትምሰል? ያላትን ሁሉ ሰጥታ በማግስቱ ባዶ እጇን የምትቀረውን? ሰው ሲሰጣት እየበላች የራሷን የምትደብቀውን፣ ግን በጭንቅ ቀን የሚገኝባትን? ወይስ ለአንድ ነፍስ ብላ የራሷንም የሕዝቡንም ነገር ወንዝ የምትጨምረውን? ደግሞ ከሦስቱ አንዷ ባትኖር ዛሬ የምትጠመቅ ልጅ የለችም።

ቄሱ፣ «ልጄ፣ ማን ናት የምትቀበላት? ውኃው ተባርኳል» አሉ። የሺመቤት ልጇን እንዳቀፈች ሦስቱን ሴቶች ታያለች፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጅቱን በማን እጅ ላይ ታስቀምጡ ነበር?