ሐጂ ዘይኑ እና የይመር እርኮት

ከበረሃው አፋፍ ላይ በነበረች አንዲት የቀድሞ ከተማ ሐጂ ዘይኑ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የከተማዋን ስም አባቶቻችን ሳይነግሩን አልፈዋል፤ የሰውየውን ነገር ግን አደራ ብለው አስተላልፈውልናል። ሐጂ ዘይኑ ንግዳቸውን ለልጆቻቸው ትተው፣ አምስቱን ወቅት ከመስጂድ የማይለዩ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ቃላቸው የታመነ ሰው ነበሩ።

በዚያች ከተማ ወደ ባሕሩ ወደብ የግመል ቅፍለት የሚሰዱ ሁለት ትላልቅ የንግድ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የሐጂ ቡሽራ፣ ሌላው የሼህ ጀውሃር። ብዙ ዘመን ሲፎካከሩ ኖረው፣ አንድ ዓመት ግመሉንም ሰዉንም አዋሕደው አንድ ቤት ለመሆን ተስማሙ። ችግሩ የመጣው እርኮት ላይ ነው። እርኮት መንገደኛ ውሃ የሚይዝበት የቆዳ ዕቃ ነው፤ በዚያ በረሃ የሰው ነፍስ ያለችው በእርሱ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው እርኮት ሠሪዎች ነበሯቸው፤ አሁን ሁሉንም መያዝ አይቻልም። ባለቤቶቹ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ሰው ሲያደሉ ጊዜ፣ ውህደቱ ሊፈርስ ደረሰ። በመጨረሻ "ሐጂ ዘይኑ ይምረጡልን" ተባባሉ።

ከሠሪዎቹ አንዱ እንድሪስ የሐጂ ዘይኑ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነው፤ የሐጂን ልጅ ያገባውም የእርሱ ልጅ ነው። ሌላው ይመር ይባላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሐጂ ዘይኑ ታናሽ ወንድም ሙሄ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞቶ ነበር፤ የያዘው እርኮት ስፌቱ ተተርትሮ። ያንን እርኮት የሰፋው ይመር ነው። ከዚያ ወዲህ ሐጂ ዘይኑ የይመርን ሰላምታ ይመልሳሉ እንጂ ፊቱን አያዩም።

ሐጂ "ማንም የራሱን መርጦ አያመጣም" ብለው ከየሠሪው ቤት ገብተው ሦስት ሦስት እርኮት በእጃቸው አነሡ። ውሃ አስሞልተው፣ ግመል ላይ አስጭነው፣ ጠጠራማውን ዳገት አስወጥተው አስወረዱ። ረቡዕ ጠዋት በመስጂዱ ግቢ አግዳሚ እንጨት ላይ አሰቀሏቸው፤ ከሥራቸውም ደረቅ አመድ አስነሰነሱ።

"እስከ ጁምዓ ሶላት አመዱ ያልረጠበበት ያልፋል" አሉ።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ከእንድሪስ ሦስት እርኮቶች በሁለቱ ሥር አመዱ ጠቆረ። እንድሪስ ሐጂ ብቻቸውን መሆናቸውን አይቶ ቀረበ።

"ዘይኑ፣ ማንም ገና አላየም" አለ ቀስ ብሎ። "አመዱን ልቀይረው።"

"እኔ አይቻለሁ።"

"ሥራ በዝቶብኝ ቆዳው በቅጡ ሳይለፋ ሰፋሁት። ለዚህ ብለህ እንጀራዬን ልትዘጋ ነው? የልጅህ ጎጆ እኮ ነው።"

ሐጂ ዘይኑ ወደ ጠቆረው አመድ አመለከቱ። "ነገ ሰው ሳይሰበሰብ አንተው ራስህ አውጣቸው። ቆዳህን በቅጡ አልፍተህ ለከርሞ ተመለስ። እኔ ስምህን አላነሣም።"

"የይመርስ?" አለ እንድሪስ። "የወንድምህን ገዳይ ልታሳልፈው ነው?"

ሐጂ ወደ እርኮቶቹ ዞሩ። እንድሪስም ፊቱን አጥቁሮ ወጣ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሰዉ ለጁምዓ ሊተጣጠብ ሲበተን፣ ሐጂ ዘይኑ ከእርኮቶቹ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። በይመር እርኮቶች ሥር አመዱ ነጭ እንደሆነ ነበር። ቀርበው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ድርብ ነው፤ ስብ ጠጥቷል፤ እንከን ፈልገው አጡ። በእጃቸው ስፌት የሚፈትሹበት ወስፌ ነበር። አንዲት ጊዜ ወጋ ቢያደርጉት ጠብታው ይጀምራል፤ ማንም ለምን አይልም፤ ከተማው ሁሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

"ለሙሄ" አለቻቸው ነፍሳቸው። የወስፌው ጫፍ ቆዳውን ነካ። ያኔ የወንድማቸው ከንፈር እንዴት ተሰነጣጥቆ እንደነበር አስታወሱ። ይህ እርኮት ቢቀር፣ በምትኩ የሚጫነው የማን ነው? ከእርሱ የሚጠጣውስ የማን ወንድም ነው?

"አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀኝ" ብለው ወስፌውን ወረወሩት።

ከሶላት በኋላ ግቢው በሰው ሞላ። እንድሪስ አልመጣም፤ እርኮቶቹንም አላነሣም። ሐጂ ዘይኑ የሁሉንም በተራ ተናገሩ፤ የእንድሪስ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ እንጂ "አላለፈም" ማለቱን አልዘለሉትም። ቀጥለው "የይመር አልፏል" አሉ።

ሐጂ ቡሽራ "በርግጥ አይተውታል?" ብለው ጠየቁ።

"በዓይኔም በእጄም አይቼዋለሁ።"

ይመር መጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ። "ሐጂ፣ ያንን እርኮት ቸኩዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሞልቼ ሦስት ቀን ሳልጠብቅ አንድም ሸጬ አላውቅም። አፉ ይበሉኝ።"

"አፉ ብዬሃለሁ" አሉት፤ እጁንም ይዘው አስነሡት። "አንተም አፉ በለኝ፤ ዛሬ ረፋድ ልበድልህ ነበር።" ሰዉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም።

በዚያ ዓመት ቅፍለቱን የአሸዋ ማዕበል መንገድ አሳተው፤ አራት ቀን ያለ ጉድጓድ ውሃ ተጓዘ። በአላህ ፈቃድ አንድም ሰው ሳይጎድል ተመለሰ። እንድሪስ ግን ዓመት ሙሉ የሐጂን ደጃፍ አልረገጠም፤ ልጃቸውም በመሐል ብዙ አለቀሰች። በዓመቱ እንድሪስ አዳዲስ እርኮቶች ተሸክሞ መጣና፣ ምንም ሳይናገር ራሱ ሰቀላቸው፤ አመዱንም ራሱ ነሰነሰ።

ሼህ ጀውሃር አንድ ቀን "እንዴት ልብዎ ቻለ?" ቢሏቸው፣ ሐጂ ዘይኑ እንዲህ አሉ፦

"ምስክር ሆኖ ለቆመ ሰው ወዳጅም ጠላትም የለውም፤ ያለው የሚጠማው ሰው ብቻ ነው።"

ወገኖቼ፣ የደጋጎችን ታሪክ ስንሰማ ፈተና ያልነካቸው ይመስለናል። የእኚህ ሰው ወስፌ ግን ቆዳውን ነክቶ ነበር። ዛሬም ሁለት ድርጅት ሲዋሃድ አቅራቢ የሚመርጡ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ "የእኛ ሰው" ይላል፣ ሌላው "የእነሱ ሰው" ይላል። መድኃኒቱን የሚውጠው፣ ዘይቱን የሚበላው ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የለም፤ ስሙንም የሚያነሣለት የለም። አማና፣ ማለትም አደራ፣ የእርሱን ወንበር ባዶ አለማድረግ ነው። አላህ በቂማችንም በፍቅራችንም ከመፍረድ ይጠብቀን።