ዝላይ ዘማቴዎስ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አውሬ ሁሉ ግጦሹንና አደኑን እያቋረጠ ጌም ለመጫወት በሚሰለፍበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚሉት የጌም ቤት ጌታ ነበረ። ጌታ አልኩት እንጂ ስለ ጌም የሚያውቀው ነገር ቢኖር መክፈያው አጥንት መሆኑን ብቻ ነው። ሊጫወት የመጣ ሁሉ ደጃፉ ላይ አንድ አጥንት ጣል አድርጎ ይገባል፤ አያ ጅቦም በሩ ሥር ተጋድሞ ቆርጠም ቆርጠም ያደርጋል። ኑሮ ማለት ይህ ነው!

ጌሙን የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ጫኔ የሚባል አህያ ነበር። ጫኔ ጌም ቤቱ ገና ሳይከፈት፣ ማንም ሳያጣድፈው፣ ብዙ ክረምት ፈጅቶ እንደ ልቡ የሠራት አንዲት ጌም ነበረችው። ስሟ «ዝላይ» ነው። አንዲት ግልገል ከገደል ገደል እየዘለለች፣ ከኋላዋ የሚያባርሯትን ጅቦች እያመለጠች፣ ወንዝ ተሻግራ እናቷ ጋ ትደርሳለች። ነገሩ ይኸው ነው። አሠራሯ ግን አቤት! ወንዙ ሲያጓራ ተጫዋቹ ውኃ የተረጨበት ይመስል ጆሮውን ያራግፋል። ግልገሏ ስትዘል ጎሽ ያን የሚያህል ገላውን ይዞ አብሯት ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ነብር አጠገቡ የተቀመጠውን ድኩላ መብላት እንዳለበት ረስቶ፣ «በርቺ! ዝለይ የኔ እናት!» እያለ ይጮኻል።

ይህች ጌም የወጣችው በዘመነ ማቴዎስ እንቁጣጣሽ ዕለት ስለነበር፣ አውሬው «ዝላይ ዘማቴዎስ» አላት። ስሟም በዚያው ጸና።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እሜቴ ቀበሮ ብቅ አለች። እሷ ያለ ጉዳይ የሰው ደጅ አትረግጥም።

«እንደምን ሰነበትክ አያ ጅቦ? አጥንቱስ እንዴት ይዞሃል?»

«ምን እባክሽ፣ ቀነሰብኝ። ምን ነክቷቸው ይሆን?»

«ተጫውተው ጨረሱታ! ያቺን ግልገል ያላሻገረ ማን አለ? አዲስ ስጣቸው። እንቁጣጣሽ በየዓመቱ ይመጣ የለም? ጌሙም በየዓመቱ ይምጣ። ዘንድሮ ዘማቴዎስ ነበር፤ ለከርሞ ዘማርቆስ፣ ከዚያ ዘሉቃስ፣ ከዚያ ዘዮሐንስ በለው። ስሙን እንደሆነ ወንጌላውያኑ አውጥተውልሃል፤ አንተ ምን ቸገረህ?»

«ጌሙንስ ማን ይሠራዋል?»

«አህያው አለ አይደል እንዴ?»

«እውነትሽን ነው፤ ለካ አህያው አለ!» አለና አያ ጅቦ በደስታ ተንከተከተ። ቀበሮም ለምክሯ አንድ ወፍራም ቅልጥም ተቀብላ ሄደች።

አያ ጅቦ ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጓዳ ገባ። «ጫኔ፣ ለእንቁጣጣሽ ሌላ ዝላይ እፈልጋለሁ።»

የጫኔ ጆሮዎች ወደቁ። «አያ ጅቦ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ደረሰ! ጠላ እንኳ ጥንስሱ ሳይብላላ አይጠጣም።»

«እኔ ጠላ አልጠጣም።»

«ጌሙ ባይደርስልኝስ?»

«ጌሙ ካልደረሰ እኔ እደርስብሃለሁ» አለና ጥርሱን አሳየው። ያ ጥርስ የጎሽ ጭን የሚሰባብር ጥርስ ነው። ጫኔ ተመለከተውና ወደ ሥራው ዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ነፍሱ በእጁ ነበረች።

በማርቆስ ግልገሏ ቀንድ አበቀለች። ሌላው እንዳለ ነው። ግልገል ቀንድ ምን ያደርግላታል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ጫኔም አያውቅም፤ ጊዜው የበቃው ለቀንድ ብቻ ነበር። አውሬው «ቀንዷስ ያምራል» ብሎ አጥንቱን ከፈለ። በሉቃስ ደግሞ ጫኔ ለወንዙ ጎርፍ ልሥራለት ብሎ አሮጌውን ውኃ አፍስሶ፣ አዲሱን ሳይሞላ እንቁጣጣሽ ዱብ አለ። ግልገሏ በደረቅ ድንጋይ ላይ እየዋኘች ተሻገረች።

ጫኔ አላስችል አለውና ለመነ። «አያ ጅቦ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ለሚቀጥለው ትንሽ ጊዜ ጨምርልኝ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰ። «የዘንድሮዋ ጳጉሜ ስድስት ናት አይደል? በቃ፣ አንድ ቀን ሙሉ ጨምሬልሃለሁ። በኋላ ደግሞ አያ ጅቦ ክፉ ነው ብለህ እንዳታማኝ!»

አንድ ቀን ምን ያደርጋል? ዘዮሐንስ ሲወጣ ግልገሏ ትዘልና ቋጥኝ ውስጥ ገብታ ትቀራለች። ውጭ የምትታየው ጭራዋ ብቻ ናት፤ ከድንጋዩ ውስጥ «እምቤ! እምቤ!» ትላለች። ጦጣ ጆይስቲኩን ወርውራ፣ «ኧረ ይህቺ ልጅ ተበላች ወይስ ተቀበረች?» ብትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከርከሮ ግን አልሳቀም፤ «አጥንቴን መልሱልኝ!» ብሎ አምባጓሮ አነሣ። ጫኔ ጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰማ። በጣም አፈረ። ያቺን ግልገል እንደ ልጁ ነበር የሚወዳት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ለራሱ አጉተመተመ።

ደጃፉ ላይ የሚወድቀው አጥንት እየሳሳ መጣ። አያ ጅቦ አጥንቱን ትቶ በሩን መቆርጠም ሲጀምር ቀበሮ ደግማ ከች አለች።

«ንጉሥ አንበሳን ጥራው» አለችው። «ጌም ተጫውቶ አያውቅም። ለእንቁጣጣሽ እሱ ከመጣ የሚቀር አውሬ የለም።»

አያ ጅቦ ጠራው። ከዚያ ወደ ጓዳ ሄዶ፣ «ጫኔ፣ ንጉሡ ካልተደሰተ ምሳው አንተ ነህ። ትራፊው የኔ ነው» አለው። ይህን ሲል ለሃጩ ተንጠባጠበ።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። አውሬው ሁሉ ነቅሎ ወጣ። ንጉሥ አንበሳ ከፊት ተቀመጠ፤ ጫኔ ከጓዳው በር ቆመ። አዲሱ ጌም ገና ግማሹ ብቻ ነበር የተሠራው፤ እሱም ያውቀዋል። አያ ጅቦ በኩራት ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚህ ላይ ግን እሜቴ ቀበሮ በዚያ ሁሉ ብልጠቷ ያላሰበችው ነገር መጣ፤ ወንጌላውያን አራት ናቸው፤ ዘንድሮ ዙሩ ሞልቶ ተመልሶ ማቴዎስ ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሲዲ አለ፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው «ዝላይ ዘማቴዎስ» ነው። አያ ጅቦ ማቴዎስ ይላል ወይ ብሎ አየ። ይላል። አነሣና ከተተው።

ወንዙ አጓራ። የጫኔ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። የአዲሱ ጌም ወንዝ አያጓራም፤ ለዚያ ጊዜ ከየት መጥቶ! ይህች የጥንቷ ናት!

ንጉሥ አንበሳ በዚያ ትልቅ መዳፉ ጆይስቲኩን ጨብጦ ጀመረ። ክብሩን ረሳ፤ ምላሱን አወጣ፤ ግልገሏ ስትዘል አብሮ ዘለለ። ወንዙን ተሻግራ እናቷ ጋ ስትደርስ ዓይኑን በጎፈሩ ጠረገ። አውሬውም «ጫኔ ወደ ልቡ ተመለሰ! ዝላይ እንደ ድሮዋ ሆነች!» እያለ አጨበጨበ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለ አንበሳ። «ይህንን በምን ያህል ጊዜ ሠራችሁት?»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። «በአንዲት ዓመት ብቻ ንጉሥ ሆይ! ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያልኩ የማጣድፈው እኔ ነኝ።»

«በአንድ ዓመት ይህን ከሠራማ፣ ሲጣደፍ ሁለት አያቅተውም። ለከርሞ አንዱ ለእንቁጣጣሽ፣ አንዱ ለገና ይሁን!»

«ለፋሲካም እንጨምርበታለን!» አለ አያ ጅቦ።

ጫኔ ነገሩን አመዛዘነ። ዝም ቢል ዛሬ ይተርፋል። ቢናገር ምሳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያቺ ግልገል ለገና ድንጋይ ውስጥ ስትቀበር፣ ለፋሲካም ስትቀበር ታየችው። አልቻለም። አንገቱን ቀና አድርጎ ቤቱ እስኪናጋ አናፋ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ከፈለጉ ይብሉኝ፤ ይህች ግን የዘንድሮዋ አይደለችም! ይህች የቀድሞው ማቴዎስ ናት፤ ብዙ ክረምት የፈጀሁባት። የዘንድሮዋ እዚያ መደርደሪያው ላይ ናት። አያ ጅቦ ስሟን ብቻ አይቶ አሮጌዋን አነሣ።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «ታዲያ ሁለቱም ማቴዎስ አይደሉም እንዴ?»

«የዘንድሮዋን ክተት» አለ አንበሳ።

ተከተተች። ወንዙ ጭጭ። ግልገሏ የኋሊት ትሄዳለች። ከሁሉ የባሰው ግን የሚያባርሯት ጅቦች ነገር ነበር፤ ጫኔ ገደል ሲያዩ እንዲቆሙ ለማድረግ ጊዜ አላገኘም። ጅቦቹ ተሰልፈው መጡና አንድ በአንድ ቁልቁል ዷ! ዷ! ዷ! አሉ። አያ ጅቦ ወደ ስክሪኑ ሮጦ፣ «ኧረ ቁሙ! ገደል ነው! ወንድሞቼ አለቁ!» እያለ ጮኸ። አውሬው ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፤ ንጉሡም ጎፈሩ እስኪበተን ሳቀ። ስቆ ስቆ ሲበቃው፣

«ይህንን የሠራው ማነው?» አለ።

«አህያው ነው! ልብላውና ይለይልን!» አለ አያ ጅቦ።

«የፊተኛዋንስ?»

«እሱም ያው አህያው ነው።»

«አህያው አንድ፣ ኮምፒውተሩ አንድ። ታዲያ ሁለቱን ምን ለያያቸው?»

አያ ጅቦ ጭንቅላቱን አከከ። «ቀንዷ ይሆን እንዴ?»

ይኼኔ ቀበሮ ወደፊት ፈጠን ብላ እጅ ነሣች። «ጊዜ ነው እንጂ ንጉሥ ሆይ! እኔ እኮ አያ ጅቦን፣ ኧረ አህያውን አታጣድፈው እያልኩ ስመክረው ነው የኖርኩት።»

«መቼ?» አለ አያ ጅቦ ዓይኑን አፍጥጦ።

«በልቤ» አለች ቀበሮ።

ንጉሥ አንበሳ ፈረደ። «ከእንግዲህ ጌሙ የሚወጣው ጫኔ ደርሷል ሲል ነው። እስከዚያ በጥንቷ እንጫወታለን። አህያውን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» ጫኔ እንባው መጣ። እንዲህ የተደሰተበት ቀን አልነበረም።

አውሬው ተበትኖ ሲያልቅ አያ ጅቦ ቀስ ብሎ ጓዳ ገባ። «እሺ ጫኔ፣ ሆነ። ለደጃፉ ሰሌዳ የምጽፈውን ንገረኝና ልሂድ። የሚደርሰው በማን ዘመን ነው?»

«ሲደርስ ነዋ፣ አያ ጅቦ።»

«ሲደርስ?» አያ ጅቦ መዳፉን ዘርግቶ ቆጠረ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ጥፍሮቹ አራት ብቻ ስለሆኑ ሲደርስን የሚያስቀምጥበት አጣ። «እኔ ሳልሰማ አንድ ጨምረዋል ማለት ነው» አለና ወጥቶ በትልቁ ጻፈ፤ «በቅርብ ቀን፦ ዝላይ ዘሲደርስ!»

አላፊ አግዳሚው እያነበበ ሳቀ፤ ግን ማንም አላጉረመረመም። ጌሙ በጊዜው ደርሶ ሲወጣ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲያጓራ፣ ጅቦቹም ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሰው ቀጥ ሲሉ፣ አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ «ተረፉ!» ብሎ እልል አለ። አውሬውም እስከ ዛሬ ድረስ፣ ጌም ይሁን ሌላ ሥራ፣ ጥሩ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ «ይህስ ዘሲደርስ ነው» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ በዓል ቀኑን ጠብቆ ቢደርስም፣ ጥሩ ሥራ ግን የሚደርሰው ሠሪው ጊዜ ሲሰጠው ብቻ መሆኑን ነው።