አህያዋና የእናቷ ጓሮ

አንድ ጊዜ እናቷ የሞተችባት አንዲት አህያ፣ ውርንጭላዋን አስከትላ የእናቷን ቤት ልትወርስ ከቆላ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጨው ስትጫን የኖረች፣ ከሸክምና ከመንገድ በቀር የምታውቀው ነገር ያልነበራት ምስኪን ነበረች። የእናቷ ጓሮ ግን በሰፈሩ የታወቀ ነበር።

የደረሰችው በበጋው መጨረሻ ነው። በአጥሩ ጥግ ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ቁጥቋጦዎች አገኘች። ቅጠላቸው ረግፎ እንጨት ብቻ ቀርቷል። ምን እንደሆኑ አንዱንም አላወቀችም። ጎረቤት ለመጠየቅ አፈረች፤ «እናቷ የተከለችውን የማታውቅ ልጅ!» ብለው የሚስቁባት መሰላት። እንዲህ ያለው እፍረት ክፉ ነው።

ከቁጥቋጦዎቹ ሥር አንዲት ጅግራ እንቁላሎቿን ታቅፋ ነበር። ቀበሮ ይህን ካወቀች ሰንብታለች፤ መግቢያ ግን አጥታ ምራቋን ስትውጥ ከረመች። አንድ ቀን ጠዋት አንገቷን ደፍታ መጣች።

«ደህና አደርሽ እመት አህያ። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤ ይቅር በይኝ። ምነው ትክዝ አልሽ?»

አህያ ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እባክሽ እህቴ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው? ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

ቀበሮ ስለ ተክል የምታውቀው የለም። «አላውቅም» የሚል ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አንዱን እንጨት አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ወይ ጉድ! ይህ እኮ መርዝ ነው። ዝናብ ጠብ ሲል ያቆጠቁጣል። ያን ጊዜ ልጅሽ አንድ ቅጠል ከቀመሰ አለቀልሽ።»

«ሁሉም መርዝ ነው?»

«ሁሉም! ከነሥሩ ንቀዪው። ዛሬውኑ።»

አህያ የልጇ ነገር ሲነሳባት ሌላ አላሰበችም። በጥርሷ እየነከሰች፣ በኮቴዋ እየጫረች ትነቅል ጀመር። ቅጠል ሁሉ ቀምሳ ያረጀችው እማማ ፍየል ከአጥሩ ውጭ ስታልፍ ድምፁን ሰማች።

«ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«አረም እየነቀልኩ ነው፣ እማማ።»

«ያን ጓሮ በደንብ አውቀዋለሁ። ገብቼ አንድ በአንድ ላሳይሽ?»

የአህያ ልብ እሺ በዪ አላት። አንደበቷ ግን እምቢ አለ። «የእናቴን ጓሮ ለእኔ ያሳዩኛል እንዴ?» አለች።

«እሺ ልጄ፣ በርቺ» ብላ ፍየል መንገዷን ቀጠለች። በማግስቱ ጅግራዋም እንቁላሎቿም አልነበሩም። አህያ ይህን እንኳ ልብ አላለችም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዝናብ ጥሎ ቅጠል ሁሉ ባቆጠቆጠ ጊዜ፣ ፀሐይዋ በከረረችበት አንድ ቀን፣ ውርንጭላው «ራሴን» ብሎ ተኛ። ሰውነቱ እንደ ፍም ነደደ፤ አፉ ቆሰለ፤ ውሃ እንኳ አልወርድ አለው። አህያ ስትጮህ እማማ ፍየል ሮጣ መጣችና ዳሰሰችው።

«ምች ነው። ኃይለኛ ምች። አይዞሽ፣ ዳማከሴውን ቅጠፊና ጨምቀሽ አምጪልኝ።»

«የቱን ዳማከሴ?»

«የእናትሽን ነዋ! በአጥሩ ጥግ ያለውን።»

አህያ ወደ ጓሮ መራቻት። የተነቀለው ክምር እዚያው ደርቆ ነበር። ፍየል ግንዶቹን አንድ በአንድ እየሳበች፣ ቅርፊታቸውን ፍቃ እያሸተተች ስማቸውን ጠራች። «ይህ ጌሾ ነበር። ይህ ኮሰረት። ይህኛው ግራዋ።» አራተኛውን ስታነሳ ድምጿ ተሰበረ። «ይህ ደግሞ ዳማከሴ።»

«መርዝ ነው ተብዬ እኮ ነው!»

«ማን አለሽ?»

«ቀበሮ።»

ፍየል ግንዱን አስቀምጣ ወደ ውርንጭላው ተመለሰች።

አህያ እፍረቷን ሁሉ ጥላ ወደ ሰፈር ወጣች። በየደጁ እየሮጠች ጮኸች። «ዳማከሴ ያላችሁ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው! ዳማከሴ!»

በግ ከደጇ ብቅ አለች። «የለኝም እህቴ። እኛ ከእናትሽ ጓሮ ነበር የምንቀጥፈው።» ጦጣም ከዛፏ ላይ ሆና «ሁላችንም ከእናትሽ ነበር የምንወስደው» አለቻት። ላምም ይህንኑ መለሰች። ያ አንድ ተክል ለሰፈሩ ሁሉ ሲበቃ ስለኖረ ሌላ የተከለ አልነበረም። የተክሉንም ስም ቀድማ ብትጠይቅ ኖሮ የማይነግራት ጎረቤት አልነበረም።

አህያ ባዶዋን ስትመለስ እማማ ፍየል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እስከ መጨረሻው ሲጠራሽ ነበር» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው «አላውቅም» ለማለት የሚያፍር፣ «አላውቅም» ብሎ በማያውቅ አታላይ እጅ እንደሚወድቅ ነው።