ሽማግሌ የተሸከመው ኮፈን

«ኧረ ቁጭ በሉ!»

«የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

«ቆማችሁ ልትቀሩ?»

«ወጉ ነው። ቆመን ነው የምንጠይቀው።»

«ጥሩ። ከቆማችሁ አይቀር፣ እስቲ ይሄን ኮፈን ያዙልኝ።»

ያዝንላቸው። ምን እናድርግ? አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰን ልጅ ልንጠይቅ ቀበና፣ ጋሽ እንግዳወርቅ ግቢ ገባን። ገብተን የመኪና ኮፈን ተሸክመን ቆምን። ጋሽ ወንድይፍራው በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ አባ ክንፈ መሐል። አባ በአንድ እጃቸው ኮፈኑን፣ በሌላው መስቀላቸውን ይዘዋል። እኔን እንኳ ሽማግሌ አትበሉኝ፤ ፀጉሬ ቀድሞኝ ስለሸበተ ነው የተመረጥኩት።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላቸው መጠኑን ያርሙለታል፤ ሰባኪ ሲሰብክ ከኋላ ሆነው ምዕራፉን ይነግሩታል። መኪናቸው አሮጌ ኮሮላ ናት። የኮፈኗ መደገፊያ ብረት ከጠፋ ዘመን የለሽ ነው፤ ስንት ዓመቱ። ሌላ ይግዙ ሲባሉ «ለአንድ ዘንግ!» ይላሉ። መጀመሪያ በመጥረጊያ እንጨት ይደግፏት ነበር። መጥረጊያው ሲሰበር በሰው ጀመሩ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ ይዟል። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ መርዶ ሊናገር መጥቶ ኮፈን ይዞ፣ የሟቹን ስም ሳይናገር ሄዷል። የሰፈሩ ሰው በዚያ በር ሲያልፍ በሩጫ ነው።

ሽማግሌ ግን አይሮጥም።

«እንግዲህ፣» ብለው ጀመሩ ጋሽ ወንድይፍራው፤ አፈ ጉባኤያችን እሳቸው ናቸው። «ልጃችን ናሁሰናይ የእርስዎን ልጅ…»

«ትንሽ ከፍ! ዘይቱን ልየው።»

«…የእርስዎን ልጅ ማራኪን…»

«ከፍ አልኩ እኮ! ጥላችሁ አጠላብኝ።»

ቃልና ኮፈን አብረው አይነሱም። ጋሽ ወንድይፍራው ቃሉን ሲጀምሩ ክንዳቸው ይወርዳል፤ ክንዳቸውን ሲያነሱ ቃሉ ይጠፋቸዋል። ዘይት ታየ። ውሃ ታየ። የሞተሩ ካንዴላዎች ተፈትተው ተጠረጉ፤ ተመልሰው ታሰሩ። ከዚያ ጋሽ እንግዳወርቅ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «በሉ፣ ረፈደብኝ። በሌላ ቀን እንጫወታለን» አሉና ኮፈኑን ዘጉት። እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። አመሰገኑን።

ናሁሰናይ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ምን አሉ?»

«‹ከፍ› አሉ» አሉት አባ።

አልሳቀም። መሥሪያ ቤቱ ወደ ጎዴ አዛውሮታል። ዐቢይ ጾም ደግሞ እየመጣ ነው፤ ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም፤ ፋሲካን እሱ ጎዴ ነው የሚውለው። አሁን ካልሆነ ማራኪን እዚህ ትቶ ብቻውን ሊሄድ ነው።

«እምቢ ቢሉ ይሻለኝ ነበር» አለ። «እምቢ ያለ ሰው ይለመናል። እሳቸውን በየት በኩል ነው የምለምናቸው?»

«በአፍማ እየለመንን ነበር» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ትከሻቸውን እያሹ። «እጃችን ነው የተያዘው።»

ናሁሰናይ እጃቸውን አየ። ብዙ አየው።

ቀጥሎ የሆነውን ኋላ ነው የሰማነው። እሑድ ጋሽ እንግዳወርቅ የእድር ስብሰባ ሄዱ፤ እዚያ ሰብሳቢውን ሲያርሙ ይውላሉ። ማራኪ የመኪናውን ቁልፍ አመጣች። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ የግቢውን በር ከፈቱና «እኔ ምንም አላየሁም» ብለው ሽንኩርት ለመላጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ናሁሰናይ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ጥቁር ዘንጎች ይዞ ገባ፤ ውፍረታቸው አውራ ጣት የሚያክል፣ ውስጣቸው የታመቀ ጋዝ ያለባቸው፣ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ኮፈን ብቻውን እንዲቆም የሚያደርጉት ዓይነት። አንዱን ጫፍ ከኮፈኑ ሥር፣ ሌላውን ጎን ካለው ብረት ጋር በብሎን አሰረ።

«ገልብጠኸዋል» አለችው ማራኪ። «ቀጭኑ ወደ ታች ነው።»

«አይደለም።»

«ሥዕሉ ላይ እኮ አለ።»

«አንቺ ደግሞ እንደ አባትሽ…»

«ጨርሰው።»

አልጨረሰውም። ፈትቶ እንደገና አሰረው። እናት ከግድግዳው ሳይዞሩ «ብልህ ልጅ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ተመለስን። ነጭ በነጭ።

«ቁጭ በሉ!»

«አንቀመጥም።»

«ጎሽ!» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ፊታቸው እየፈካ። ወደ መኪናቸው ፈጠን ፈጠን ብለው ሄዱ፤ መክፈቻውን ሳቡ፤ ኮፈኑን ሽቅብ አደረጉና «ያዙ!» አሉን።

ኮፈኑ ፍሽሽ ብሎ ከእጃቸው ወጣ። ወጣና ቆመ።

እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አጣመርን።

ጋሽ እንግዳወርቅ ኮፈኑን አዩ። እኛን አዩ። ሁለት እጃቸውን ጭነው አወረዱት፤ ሲለቁት ተንፍሶ ተመልሶ ወጣ። በክርናቸው ተጫኑት፤ ወጣ። አባ ክንፈ በስመ አብ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለጨዋታ።

«ይሄ ነገር አደገኛ ነው» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። «አውቀዋለሁ። ጋዝ ነው። ጋዝ ይተናል። የተነነ ለት አንገት ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ለጥንቃቄ ያህል እናንተ ከሥር…»

«እንጠብቀዋለን» አሉ አባ፣ እጃቸውን ከኋላቸው ሳያነሱ። «መውረድ ሲጀምር እንነግርዎታለን።»

ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ልጃችን ናሁሰናይ የእርስዎን ልጅ ማራኪን…» ቆም ብለው ጠበቁ። ከፍ የሚል የለም። ዝቅ የሚል የለም። «…ለትዳር እንዲፈቅዱለት፣ በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን።»

ዓረፍተ ነገሩ አለቀ። እኛም ደነገጥን፤ መጨረሻውን ሰምተነው አናውቅም።

ጋሽ እንግዳወርቅ የተጠረገውን የዘይት መለኪያ ደግመው ጠረጉ። መልሰው ከተቱ። አውጥተው ጠረጉ። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

«ቆይ። ማነው ይሄን የገጠመው?»

መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

«ልጃችን ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ተልኮ የመጣ ሽማግሌ አይዋሽም።

«የኔን መኪና? እኔ በሌለሁበት? ሳይጠይቀኝ?» የጋሽ እንግዳወርቅ ፊት እንደ ልጅ ፊት በራ። ሲፈልጉት የነበረውን አገኙ። «እስቲ ይፍረዱ አባ! ባለቤቱ በሌለበት ገብቶ የሰው ንብረት የሚፈታ፣ የሚገጥም፣ ሳይጠይቅ የሚያደርግ ሰው ነው እንግዲህ ልጅህን ስጠው የምትሉኝ? ሳይጠይቅ! በቃ፣ አለቀ። ሂዱና ይሄንኑ ንገሩልኝ።»

እውነታቸውን ነው። የሰው መኪና ነው። እኔ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ፤ መሄዳችን ነው ብዬ። አባ መሬት መሬቱን አዩ። ከማዶ ናሁሰናይ በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ እያየን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ አልተነቃነቁም። ያን ያመማቸውን ትከሻ አሸት አሸት አደረጉና፣

«አቶ እንግዳወርቅ፣» አሉ፣ «ሳይጠይቅ የሚያደርግ ሰው ቢሆንማ ኖሮ፣ እኛ እዚህ የእርስዎን ኮፈን ስንሸከም እሱና ማራኪ ክርስትና ይጠሩን ነበር።»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ፈነዳ፤ የሁለት ሴት። አባ ክንፈ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ጋቢው ግን ይንቀጠቀጣል። ጋሽ እንግዳወርቅ እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ፤ ጣት በጣት፤ ጥፍሩን ሳይቀር።

«ጎዴ ሙቀት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ይለመዳል» አሉ አባ ከጋቢው ውስጥ።

«አትችለውም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሙቀት አትችልም።» ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ስስ ልብስ ነው መያዝ ያለባት። ነጣ ነጣ ያለ። ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል።»

ደረጃውን ወጡ። የሳሎኑን በር ገፋ አድርገው ዞር አሉና በእጃቸው አስቀደሙን። አባ ገቡ። ጋሽ ወንድይፍራው ገቡ። እኔ ገባሁ። ሦስታችንም ተቀመጥን።

በሩ ተዘጋ።